የአደን ኮታ ምንድን ነው?

አጎቴ የሚያርሱት የጎፍ ደን ጥግ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ከሚታየው ተራራ ሥር። ጥቅምት ላይ ልጠይቃቸው ሄጄ ያገኘኋቸው ማማ ላይ ነው። በእጃቸው ወንጭፍ፣ ከእግራቸው ሥር የድንጋይ ክምር። ማሽላውን ቀን ዝንጀሮ ይመጣበታል፣ ድንቹን ሌሊት ጃርት ይገለብጠዋል። ትንሹ ልጃቸው በዚያ ሳምንት ሁለት ቀን ከትምህርት ቤት ቀርቷል። አባቱ ምሳ ሲበሉ ማማው ባዶ እንዳይሆን።

ቡና ላይ ወሬ ሲነሳ፣ ከውጭ የሚመጣ ሀብታም ብዙ ገንዘብ ከፍሎ እንስሳ እንደሚያድንና ገንዘቡም ለዱር እንስሳት ጥበቃ ይውላል እንደሚባል ነገርኳቸው።

«ገድለኸው ነው የምትጠብቀው?» አሉኝ።

ጥያቄው የብዙ ሰው ጥያቄ ነው። መልሱ ያለው ኮታ የምትባለው ቃል ውስጥ ነው።

ኮታ ማለት በአንድ ዓመት፣ በአንድ የአደን ቦታ፣ ከአንድ ዓይነት እንስሳ ስንት እንዲታደን የሚፈቀድ ቁጥር ነው። መጀመሪያ እንስሳው ይቆጠራል። ከዚያ መንጋው በወሊድ በቀላሉ የሚተካው ያህል፣ በጣም ትንሽ ቁጥር ይፈቀዳል። ብዙውን ጊዜ የሚፈቀደውም ያረጀ ወንድ ነው። ይሄን ከብት ያረባ ሰው ሳይነገረው ያውቀዋል። ጊደሯን ያረደ የነገውን መንጋ አረደ። ያረጀ ኮርማ ቢወጣ ግን ሌላው ይተካዋል።

አንበሳ ላይ ሲደርስ ነገሩ ይጠነክራል። መንጋ የያዘ ጎልማሳ ወንድ ከተገደለ፣ ተተክቶ የሚገባው ወንድ ግልገሎቹን ይፈጃል። በአንድ ጥይት ብዙ ነፍስ ይጠፋል ማለት ነው። ለዚህ ነው ታንዛኒያ ስድስት ዓመት ያልሞላው አንበሳ እንዳይታደን የምትከለክለው።

በእኛም አገር ሕጋዊ አደን አለ። የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 ፈቅዶታል። በብዛት የሚፈለገው የደጋ አጋዘን ነው፤ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የሌለ፣ ባሌና አርሲ ተራራ ላይ የሚኖር እንስሳ። ሙኔሳና ኦዶ ቡሉን በመሳሰሉ የአደን ቀበሌዎች ወንዱ ብቻ በኮታ ይታደናል። አዳኙ ለፈቃዱ ይከፍላል፣ ለእንስሳው ይከፍላል፣ ለሚመራው ድርጅትም ይከፍላል። ጎብኚ መንገድና ሎጅ ይፈልጋል። አዳኝ ግን ድንኳኑን ይዞ መኪና የማይገባበት ድረስ ይሄዳል። ቱሪስት ለማይረግጠው ድሃ ወረዳ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ግን ገንዘቡ ማን ኪስ ገባ? ለእኔ ዋናው ነገር ይሄ ነው።

ፓኪስታን ውስጥ ማርኮር የሚባል የተራራ ፍየል አለ፤ ቀንዱ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ። አንድ ማርኮር ለማደን ከ100 ሺህ ዶላር በላይ የሚከፍል ሰው ይገኛል። ከፈቃዱ ክፍያ 80 በመቶው እዚያው ተራራ ላይ ለሚኖረው ሕዝብ ይሰጣል። ድሮ ፍየሉን ለሥጋው ይገድሉ የነበሩት ሰዎች ጠባቂ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2015 ማርኮር በመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር ወጥቶ ቀለል ወዳለው ደረጃ ተዛወረ። ናሚቢያም እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣችው ሕግ ገበሬዎች ተደራጅተው በመሬታቸው ላይ ባለው የዱር እንስሳ የመጠቀም መብት አገኙ። ከአደን የሚገኘው ብር ለማኅበሩ ነው፣ ሥጋውም ለነዋሪው ይከፋፈላል።

ሴሉስ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ታንዛኒያ ውስጥ ያለ ግዙፍ የዱር እንስሳት ክልል ነው፤ አብዛኛው መሬቱም ለአደን የተከለለ ነበር። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. 100 ሺህ ገደማ ዝሆን ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2013 ሲቆጠር የተገኘው 13 ሺህ ገደማ ነው። የፈጃቸው ሕገወጥ የዝሆን ጥርስ አደን ነው። የአደን ገቢ መኖሩ ብቻውን አላዳናቸውም። መከልከልም ብቻውን አያድንም። ኬንያ አደንን እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ከልክላለች፤ ከዚያ በኋላም የዱር እንስሳቷ በእጅጉ ቀንሰዋል። ግጦሹ ታረሰ፣ አጥሩ በዛ፣ ገበሬውም ከእንስሳው የሚያገኘው ነገር አልነበረም።

ስለዚህ እኔ አደንን እደግፋለሁ ወይ ብባል፣ ቆጠራው እውነተኛ ከሆነና ብሩ እንስሳው እህሉን የሚበላበት ሰው ቤት ከደረሰ፣ አዎ። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ግድያ ብቻ ነው። ቆጠራ ደግሞ ቀላል ሥራ አይደለም። የደጋ አጋዘን ጫካ ውስጥ ይደበቃል። ቆጣሪውን የሚቀጥረው ከአደኑ የሚያተርፈው ከሆነ ቁጥሩ ያብጣል።

ወሎ ላይስ? በመካነ ሰላም በኩል ቦረና ሳይንት ፓርክ ቀይ ቀበሮ አለ። በዓለም ላይ የቀረው ሁሉ ቢደመር በመቶዎች ነው የሚቆጠረው። እሱ ላይ ኮታ የሚባል ነገር መነሳትም የለበትም፤ ሕጉም አይፈቅድም። የጎፍም ለአደን የሚሆን ሰፊ ጫካ አይደለም፤ ዙሪያውን ማሳ ከቦታል። እዚህ የሚያስፈልገን የአዳኝ ጠመንጃ አይመስለኝም። ከአደን ኮታ ልንወስደው የሚገባን አንድ ነገር ግን አለ፦ እንስሳውን የሚያኖረው ገበሬ ሊከፈለው ይገባል። ከፓርክ መግቢያም ይሁን፣ ከጎብኚም ይሁን፣ በጠባቂነት ደመወዝም ይሁን። አሁን የሚሆነው የተገላቢጦሽ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮውን ፎቶ የሚያነሳው እኔ ነኝ፣ ገብሱን የሚያጣው ገበሬው ነው።

ይሄን ሁሉ ለአጎቴ ዘርዝሬ ነገርኳቸው። ድንጋይ ወንጭፉ ላይ እያስተካከሉ ሰሙኝ። የፓኪስታኑ ፍየል ብዙም አልገረማቸውም። ናሚቢያ ላይ ግን አስቆሙኝ።

«ሒሳቡስ? እንደ ቅሬያችን ሰው በተሰበሰበበት ይነበባል?» ቅሬ የወሎ እድር ነው።

በዓመት አንድ ጊዜ አባላቱ ተጠርተው እንደሚነበብላቸው ነገርኳቸው።

«ሥጋውም በየቤቱ?»

«አዎ፣ ሥጋውም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ከማሽላው ወዲያ ማዶ ቅጠል ተነቃነቀ፤ ብድግ አሉና ወንጭፉን አዞሩት።