ካንሰር ታሞ መሮጥ ይቻላል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የምርመራው ውጤት ካንሰር ነው ከተባለበት ቀን ጀምሮ ታማሚውን ከወንበር የሚያስነሳው ሰው አይገኝም። «ተይ አንቺ ተቀመጪ፣ እኔ አመጣዋለሁ» ይባላል፤ ውሃው፣ ስልኩ፣ ነጠላ ጫማው ሳይቀር እግር ሥር ይቀርባል። ከፍቅር የመጣ ስለሆነ ማንም አይወቅሰውም። ሆኖም ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ ደረጃ መውጣት ያቃተውን ሰው ያደከመው በሽታው ወይም መድኃኒቱ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ መተኛቱም እጁ አለበት። «ስፖርት ሥራ፣ ምንም አትሆንም» ብሎ የሚገፋፋም ቢሆን ግማሹን ብቻ ነው የተናገረው። ስፖርት እንደ መድኃኒት መጠን አለው፤ መጠኑም ከሳምንት ሳምንት ይለያያል። ደጋግመው የሚሰሙትን አባባሎች አንድ በአንድ እንያቸው።

«ታማሚ ጉልበቱን መቆጠብ አለበት»

ጤነኛ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲለፋ ውሎ ቢደክመው፣ ተኝቶ ሲነሳ ይለቀዋል። የካንሰር ድካም ጠባዩ ሌላ ነው፤ አሥር ሰዓት የተኛ ሰው ጠዋት እንደደከመው ይነሳል። ዕረፍት ያላሻረውን ድካም በተጨማሪ ዕረፍት ለማከም መሞከር ያባብሰዋል። ያልሠራ ጡንቻ ይከሳል፣ ልብ በአንድ ምት የሚገፋው ደም ይቀንሳል፣ ትናንት ቀላል የነበረው ደረጃ ዛሬ አብዛኛውን አቅም ይወስዳል፤ ሰውየውም ይበልጥ ደክሞት ይበልጥ ይተኛል።

የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ምክር መሠረት ድካምን ለመቀነስ የሚረዳው መጠን በሳምንት 3 ቀን፣ በየቀኑ 30 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ቢያንስ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ነው። ይህ መድረሻው ነው። አልጋ ላይ ለቆየ ሰው መነሻው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ የእግር ጉዞ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ቢሆን ይበቃል። በየሦስት አራት ቀኑ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ይጨመርበታል።

ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ጥሩ ስሜት በተሰማ ቀን ነው። ሰውየው ብርታት ሲያገኝ የተጠራቀመውን ሥራ ሁሉ ይጨርሳል፣ በዚያ ላይ አንድ ሰዓት ይራመዳል፤ ቀጣዮቹን ሁለት ቀናት ተኝቶ ያሳልፍና «ስፖርት ጎዳኝ» ይላል። የጎዳው መብዛቱ ነው። መለኪያው ማግስቱ ነው፤ በነጋታው ከወትሮው የባሰ ድካም ካለ የትናንቱ ልክ አልፏልና በአንድ ሦስተኛ ይቀነስ።

«ደም በፍጥነት ሲዘዋወር ካንሰሩን ይዞት ይሄዳል»

ሲሰሙት ያስፈራል፤ ምክንያታዊም ይመስላል። ነገር ግን ሰው ቁጭ ብሎም ልቡ በደቂቃ 5 ሊትር ገደማ ደም ይረጫል። ይህም በሰውነት ውስጥ ያለው ደም በሙሉ ማለት ይቻላል። የካንሰር ሕዋስ ለመሰራጨት ከዕጢው መላቀቅ፣ ደም ውስጥ ሳይሞት መቆየት፣ ከደም ሥር ወጥቶ በሌላ አካል ሥር መስደድ አለበት፤ ይህን የሚወስነው የሕዋሱ ጠባይ እንጂ የደሙ ፍጥነት አይደለም።

በአንጀት ካንሰር ላይ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2025 ውጤቱ የወጣው ቻሌንጅ የተሰኘ ጥናት ለዚህ ፍርሃት ጥሩ መልስ ይሰጣል። 889 ሰዎች ቀዶ ሕክምናና ኬሞ (የካንሰር ሕዋስን የሚገድል የመድኃኒት ሕክምና) ከጨረሱ በኋላ በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ለሦስት ዓመት በአሠልጣኝ የተደገፈ የስፖርት ፕሮግራም ተከታተለ፤ ሌላው የጤና ትምህርት ጽሑፍ ብቻ ተሰጠው። ከአምስት ዓመት በኋላ በሽታው ሳይመለስ የቆዩት በስፖርተኞቹ በኩል 80.3 በመቶ፣ በሌላው በኩል 73.9 በመቶ ነበሩ። በስምንተኛው ዓመት በሕይወት የነበሩት ደግሞ 90.3 እና 83.2 በመቶ። ብዙዎቹ የሠሩት ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ነበር።

ሁለት ማሳሰቢያ አለው። አንደኛ፣ ጥናቱ የትልቁ አንጀት ካንሰር ላይ ስለሆነ ቁጥሩን እንዳለ ወደ ሳንባ ወይም ወደ ጡት ካንሰር መገልበጥ አይቻልም። ሁለተኛ፣ የጡንቻና የአጥንት ጉዳት በስፖርተኞቹ 18.5፣ በሌሎቹ 11.5 በመቶ ታይቷል። ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ዋጋ ይከፍላሉ ማለት ነው፤ ቀስ ብሎ መጨመር ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

«ኬሞ እየተወሰደ ስፖርት አይታሰብም»

የአሜሪካ ክሊኒካል ኦንኮሎጂ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ፣ ለመዳን ተስፋ ተደርጎ ሕክምና ላይ ላሉ ሰዎች ሐኪሞች የእግር ጉዞን የመሰለ እንቅስቃሴና የጡንቻ ማጠንከሪያ እንዲያዙ ይመክራል። ጥያቄው የትኛው ቀን ላይ ምን ይሠራ የሚለው ነው።

በየሦስት ሳምንቱ የሚሰጥ ኬሞን እንውሰድ። መጀመሪያ ቀን ላይ ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ዴክሳሜታዞን ያነቃቃል፤ ብርታቱ ግን የተበደረ ነው። ሦስተኛው፣ አራተኛው ቀን ላይ መድኃኒቱ ሲወጣ ሰውነት ይዝላል። በእነዚያ ቀናት ግቢ ውስጥ 5 ደቂቃ መንቀሳቀስ እንኳ ሥራ ነው። ከሰባተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ገደማ በብዙ መድኃኒቶች ነጭ የደም ሕዋስ ዝቅ ይላል፤ ያን ጊዜ ብቻን ውጭ መራመድ ይሻላል እንጂ ሰው የሚተፋፈግበት ጂምና መዋኛ ገንዳ ይቅር። ሦስተኛው ሳምንት ላይ አቅም ይመለሳል፤ ረዘም ያለው ጉዞና ክብደቱ ለዚያ ይቀመጥ።

ሙሉ በሙሉ የሚቆምበት ጊዜም አለ። የሰውነት ሙቀት 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ነገሩ ከስፖርት አልፏል፤ ኬሞ ላይ ያለ ሰው ትኩሳት ሲይዘው በሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይሄዳል። ተቅማጥ ወይም ትውከት ካለ የወጣው ፈሳሽ እስኪተካ ይቆይ። የደረት ሕመም፣ ማዞር፣ ተቀምጦ የትንፋሽ ማጠር ካለም እንዲሁ። አንድ ባት ብቻ ድንገት ካበጠና ካመመ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል አይታሽ፣ አይራመዱበት፣ በዚያው ቀን ይታዩ። ካንሰር ደም የመርጋት ዕድልን ይጨምራል።

የደም ምርመራ ወረቀቱንም ማየት ይጠቅማል። ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌት በማይክሮሊትር ከ50 ሺህ በታች ሲሆን በትንሽ ግጭት መድማት ስለሚመጣ ሩጫ፣ ዝላይና ከባድ ክብደት ይቀራሉ። ኦክስጅን ተሸካሚው ሄሞግሎቢን በዴሲሊትር ከ8 ግራም በታች ከሆነ ልብ ያለ አቅሙ ስለሚመታ በሐኪም ፈቃድ ብቻ ይንቀሳቀሱ። ወሰኑ ከሆስፒታል ሆስፒታል ትንሽ ይለያያልና የራስዎን ይጠይቁ።

ኦክሳሊፕላቲን የተባለውን የኬሞ መድኃኒት ለሚወስዱ የተለየ ነገር አለ። ከመድኃኒቱ በኋላ ባሉት ቀናት ቀዝቃዛ አየር ጉሮሮን ያንቃል፣ ጣትን ይነዝራል። በማለዳ ብርድ ከመሮጥ ቀኑ ሞቅ እስኪል መጠበቅ፣ አፍና አፍንጫን በሻርፕ መሸፈን፣ ውሃውንም ሳይቀዘቅዝ መጠጣት ነው።

«ጡቴ ተቆርጧል፤ ክብደት ካነሳሁ እጄ ያብጣል»

ለብዙ ዓመታት የጤና ባለሙያዎችም ይህንኑ ይሉ ነበር። ከብብት ንፍፊት የወጣላት ሴት ዕቃ እንዳታነሳ፣ ልጅ እንዳታቅፍ ትመከር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ክንዳቸው ያበጠ 141 ሴቶችን በሁለት ከፍሎ፣ አንደኛው ቡድን በሳምንት ሁለት ቀን ቀስ በቀስ እያደገ የሚሄድ ክብደት እንዲያነሳ አደረገ። እብጠቱ አልጨመረም፤ እንዲያውም ያነሱት ሴቶች ላይ እብጠቱ የሚያገረሽበት ጊዜ ቀንሶ ተገኘ።

ምስጢሩ አጀማመሩ ላይ ነው። ቁስሉ ሲድንና ሐኪም ሲፈቅድ፣ ግማሽ ሊትር ውሃ የሞላ ጠርሙስ ይያዙ፤ ክብደቱ ግማሽ ኪሎ ነው። ክርንን ከጎን ሳያላቅቁ በሁለት ሰከንድ ወደ ትከሻ ያንሱ፣ በሦስት ሰከንድ ያውርዱ። ትንፋሽ ሲነሳ ይወጣል፣ ሲወርድ ይገባል። 10 ጊዜ ሠርተው አንድ ደቂቃ ተኩል ያርፉና ይድገሙ። ክንዱ ሳይለወጥ ሁለት ልምምድ ካለፈ በጥቂቱ ይጨምሩ። ከሳምንት በላይ ካቋረጡ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይመለሱ፤ ክንድ ካረፈ በኋላ በድንገት ወደ ቀድሞው ክብደት ሲመለስ ሊያብጥ ይችላል። እብጠት ያለባት ሴት በልኳ የተሰጣትን፣ እብጠትን የሚጫን ጠባብ እጅጌ አድርጋ ትሥራ።

መለኪያው የቤት ሜትር ነው። ከእጅ አንጓ 10 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ አንድ ቦታ ይምረጡ፤ በሳምንት አንድ ቀን ጠዋት ሁለቱንም ክንድ ይለኩ። ቀለበት መጥበቅ ወይም የሰዓት ማሰሪያ አሻራ መተው ሜትሩን የሚቀድም ምልክት ነው። ቆዳው ከቀላና ከሞቀ ግን ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን መታከም ያስፈልጋል።

«አጥንት ላይ ደርሷል ከተባለ በቃ፣ መቀመጥ ነው»

እዚህ ላይ ሩጫ ብዙ ጊዜ በእርግጥም ይቀራል፤ እንቅስቃሴ ግን አይቀርም። ሐኪምዎን የሚጠይቁት የትኛው አጥንት እንደተነካ፣ ክብደት የሚሸከም መሆኑን፣ የመሰበር ስጋት መኖሩን ነው። ጭን፣ ዳሌ ወይም አከርካሪ ከተነካ ዝላይ፣ ጎንበስ ብሎ እየተጠማዘዙ ዕቃ ማንሳት፣ ወለል ላይ ተኝቶ ሆድ መሥራት ይቅር። ከቦታው የማይንቀሳቀስ የስፖርት ብስክሌት፣ ሜዳ መሬት ላይ መራመድ፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ በአብዛኛው ይቻላሉ። እግር ድንገት መስነፍ፣ መቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ፣ ሽንት አለመቆጣጠር ከታየ ሕብለ ሰረሰር እየተጫነ ሊሆን ይችላል፤ ሰዓታት ዋጋ አላቸው።

«የእጅ ሰዓቴ የልብ ምቴን ስለሚነግረኝ አልሳሳትም»

220 ሲቀነስ ዕድሜ የሚለው ስሌት ለጤነኛም ግምት ነው። የደም ማነስ ምቱን ያፈጥነዋል፣ አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒት ይይዘዋል፤ እንደ ዶክሶሩቢሲን ያሉ የኬሞ መድኃኒቶች ደግሞ ልብን ራሱን ሊጎዱ ይችላሉ። ከሰዓቱ ይልቅ አፍዎ አይዋሽም። ሙሉ ዓረፍተ ነገር እየተናገሩ መዝፈን ካቃተዎት መካከለኛ ላይ ነዎት። ሦስት ቃል ተናግረው ትንፋሽ ከፈለጉ ይቀንሱ።

«ሯጭ የነበረ ሰው ካቆመበት ይቀጥላል»

ትልቁ ስህተት የሚሠራው በቀድሞ ስፖርተኞች ነው፤ ጭንቅላታቸው የድሮውን ፍጥነት ያስታውሳል፣ ጅማታቸው ግን ረስቶታል። ወደ ሶምሶማ ከመመለስ በፊት ሦስት ነገር ይሞከር። 30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ ተራምዶ በማግስቱ ደህና መሆን፣ በእያንዳንዱ እግር 10 ሰከንድ መቆም፣ ግድግዳ ተደግፎ 10 ጊዜ በጣት መነሳት። ካለፉ 1 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 4 ደቂቃ እርምጃ፣ እያፈራረቁ ስድስት ጊዜ፤ ቀን እየዘለሉ በሳምንት ሦስት ቀን። ሳምንቱ ሰላም ካለፈ 2 በ3 ይሁን።

እንደ ፓክሊታክሰል፣ ቪንክሪስቲን ወይም ኦክሳሊፕላቲን ያለ የኬሞ መድኃኒት የእግር ጣትን ካደነዘዘ ጫማ ውስጥ የገባ ጠጠር አይታወቅም። ከማድረግዎ በፊት እጅ አስገብተው ይዳስሱ፣ ከሩጫ በኋላ ውስጥ እግርን በመስታወት ይዩ። ሚዛን ካጡ ከቦታው የማይንቀሳቀሰው ብስክሌት ይሻላል። ሆድ የተቀደዱ ሰዎች ከባድ ማንሳትን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ያቆያሉ፣ አለበለዚያ አንጀት በጠባሳው በኩል ሊገፋ ይችላል። ክንድ ላይ የመድኃኒት ቱቦ ያለበት ሰው ይራመድ፣ አይዋኝ።

የኒው ዮርክ ማራቶን መሥራች ፍሬድ ሌቦው እ.ኤ.አ. በ1990 የአንጎል ካንሰር ተገኘበት። በ1992 የራሱን ውድድር በ60 ዓመቱ በ5 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ጨረሰ። አጠገቡ የነበረችው ያንን ማራቶን ዘጠኝ ጊዜ ያሸነፈችው ግሬቴ ዋይትስ ናት፤ እሱን ወደ ፍጥነቷ አልጎተተችውም፣ የራሷን ወደ እሱ አወረደች። አብሮ ለሚሮጥ ዘመድ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

«ስፖርት ከሠራሁ መድኃኒቱን ልተወው እችላለሁ»

አይቻልም። በቻሌንጅ ጥናት የተሳተፉት ሁሉ ቀዶ ሕክምናና ኬሞውን ጨርሰው ነው የመጡት።

«ጂም ካልገባሁ ጡንቻ አይጠነክርም»

ወንበርና ግድግዳ ይበቃሉ። እጅን ደረት ላይ አጣምሮ ከወንበር ቁጭ ብድግ፣ ግድግዳ ላይ ፑሽ አፕ፣ በጣት መነሳት፣ ላስቲክ ይዞ ወደ ኋላ መሳብ። እያንዳንዱ ከ8 እስከ 15 ጊዜ፣ ሁለት ዙር፣ በሳምንት ሁለት ቀን። የመጨረሻዎቹ ሁለት ድግግሞሾች ካልከበዱ ቀላል ሆኗል ማለት ነው፤ ወንበሩን ዝቅ ወዳለ ይለውጡ። ምንም በማይቻልበት ቀን ደግሞ አልጋ ላይ እንዳሉ ቁርጭምጭሚትን 20 ጊዜ ወደ ላይ ወደ ታች፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ተነስቶ እስከ መስኮቱ ደርሶ መመለስ።