ቶውፓዝ ምንድን ነው?

ለንደን የሚኖር አብሮ አደጌ የሚደውልልኝ በእግሩ ወደ ሥራ ሲሄድ ነው። በቀደም «በዋናው መንገድ እየዞርኩ ነው፤ ቶውፓዙን ዘግተው እያደሱት ነው» አለኝ። ምኑን? እኔ ከቀበና ድልድይ ወደ አራት ኪሎ ዳገቱን እያለከለክኩ ነበር።

የመጎተቻ መንገድ እንደ ማለት ነው። እንግሊዞች ድሮ ቦይ ቆፍረው በጀልባ ከሰል ሲያመላልሱ ጀልባው ሞተር አልነበረውም። ፈረስ ዳር ዳሩን እየሄደ በገመድ ይጎትተዋል። ጋሪ ላይ 2 ቶን የሚከብደው ፈረስ፣ ውሃ ላይ ሲሆን 25 ቶን ገደማ ይዞ ያዘግማል። ያ የፈረስ መሄጃ ነው ቶውፓዝ። ሞተር መጣ፣ ፈረሱ ቀረ፣ መንገዱ ለእግረኛና ለብስክሌት ተረፈ። ዛሬም አንዳንድ የድሮ ድልድዮች ማዕዘን ላይ ገመዱ እየፈተገ የቦረቦረው መስመር ጣት ያስገባል።

ማደስ ሲባል ታዲያ አስፋልት ማንጠፍ ብቻ አይምሰላችሁ። መጀመሪያ ጭቃውና ሣሩ ይጠረጋል። ከዚያ የተፈጨ ድንጋይ ተደልድሎ በትንሽ ሮለር ይጠቀጠቃል፤ እኛ ገረጋንቲ ነስንሰን እንደምንጠቀጥቀው። ጭቅጭቁ ያለው ላዩ ላይ ነው። ደቃቅ ጠጠር ለእግር ይመቻል፣ ዝናብ ግን ይበላዋል። ልሙጥ አስፋልት ለጎማ ይመቻል፤ ያኔ ደግሞ ብስክሌተኛው ይከንፋል፣ ውሻቸውን ይዘው የሚንሸራሸሩት አዛውንት ይማረራሉ። አንዱ ማስታረቂያ ሬንጅ ረጭቶ፣ ደቃቅ ጠጠር በትኖበት መዳመጥ ነው። ሻካራ ስለሆነ አያንሸራትትም።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ዓይን የማያየው ነገር ነው። መንገዱ ወደ አንድ ጎን 2 በመቶ ያህል ዘንበል ማለት አለበት። 2 ሜትር ስፋት ላለው መንገድ 4 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው፤ የክብሪት ቀፎ ርዝመት እንኳን አይሞላም። እሷ ከሌለች ውሃ ይተኛል። ውሃ የተኛበት ቦታ ይላላል፣ ከዚያ ጉድጓድ ነው።

ቦዩ በአንድ ነገር ዕድለኛ ነው። ውሃው ረጋ ያለ ስለሆነ አጠገቡ ያለው መንገድም በአብዛኛው ሜዳ ነው። የኛ ወንዞች ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው እንጦጦ ተነስተው ወደ አቃቂ ይንደረደራሉ። ስለዚህ ክረምት ላይ ጎርፉ መንገዱን አቋርጦ ብቻ አያልፍም፤ መንገዱን ራሱን ወንዝ ያደርገዋል። ቀበና ዳር ቁልቁለቱ ላይ ደቃቅ ጠጠር ብታነጥፉ ሐምሌ ይዞት ይወርዳል።

ለዚህ ነው ቁልቁለት ላይ ለኮብልስቶን የምሟገተው። ጎርፍ በቀላሉ አያጥበውም፤ ቱቦ ሲበላሽ ተነቅሎ ይመለሳል። (ሲመለስ እንደ ድሮው አይገጥምም እንጂ። የሰፈራችን መታጠፊያ ለውሃ መስመር ተቆፍሮ ከተመለሰ ወዲህ የግመል ጀርባ መስሏል።) ብስክሌት የያዘ ሰው ደግሞ ኮብልስቶን ላይ ጥርሱ እስኪንቀጫቀጭ ነው የሚሄደው። ከ2016 ወዲህ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመሩ ከእግረኛው ተለይቶ ሲሠራ ደስ ያለኝም በዚህ ነው። ሲለያዩ ለእያንዳንዱ የሚስማማውን ማንጠፍ ይቻላል።

መንገድ በደንብ መሠራቱን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ከሃይላንዳችሁ ትንሽ ውሃ ጠብ አድርጉና እዩ። ወደ ዳር ከሸሸ ጥሩ ነው። ባለፈው እሁድ እኔ አንድ አዲስ የእግረኛ መንገድ ላይ ሞከርኩት። ውሃው ወደ ዳሩ የፍሳሽ ቦይ መሄድ ሲገባው ወደ መሃል መጣና የጉድጓድ ክዳን ጥግ ተኛ። አጠገቤ የነበረች ቆሎ ሻጭ «እዚያ ጋ ሁሌም ይቋጥራል፤ እኔም ወደዚህ የመጣሁት ለዚህ ነው» አለችኝ።