የአይስላንድ የዱር እንስሳት፦ ነባሩ ቀበሮና መጤዎቹ

አይስላንድ በግሪንላንድና በኖርዌይ መካከል፣ ሰሜን አትላንቲክ ላይ ብቻዋን የተቀመጠች ደሴት ናት። ስፋቷ 103 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከአስር እጅ አንዱ በበረዶ ግግር ተሸፍኗል። ቀዝቃዛ የሰሜን አገር ሲባል ብዙ ሰው ድብና ተኩላ የሚርመሰመስበት ጥቅጥቅ ያለ ደን ይታየዋል። እዚህ ግን ደኑም እምብዛም ነው፤ ተኩላው ጭራሽ የለም። እባብና እንቁራሪትም የሏትም። ሰዎች በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) መጥተው ሲሰፍሩ፣ የብስ ላይ ያገኙት አጥቢ እንስሳ አንድ ብቻ ነበር፤ የዋልታ ቀበሮ።

ቀበሮው የመጣው በእግሩ ነው። የመጨረሻው የበረዶ ዘመን ሲያበቃ፣ ከ10 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት፣ በረዶ በሆነው ባሕር ላይ ተራምዶ ገባ። በረዶው ሲቀልጥ እዚያው ቀረ። ትንሽ እንስሳ ነው፤ ቢበዛ 5 ኪሎ ቢመዝን ነው። ጆሮው አጭር፣ አፍንጫው አጠር ያለ ነው። መዳፉ ሥር እንኳ ፀጉር አለው። ሲተኛ ረጅሙን ጭራውን ፊቱ ላይ ይጠመጥመዋል። መልኩ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በብርዱ ወራት ነጭ ይሆናል፤ ሌላው ዓመቱን ሙሉ ጠቆር ያለ ቡኒ ነው። ባሕር ዳር የሚበዛው ቡኒው ነው። የዳርቻው ድንጋይ ጥቁር ስለሆነ ነጩ እዚያ ከሩቅ ይታያል።

በሌሎች የሰሜን አገሮች ይህ ቀበሮ የሚኖረው ሌሚንግ የሚባሉ አይጥ መሰል እንስሳት እያደነ ነው። አይስላንድ ሌሚንግ የላትም። ስለዚህ ወፍ፣ እንቁላልና ባሕር የተፋውን ሁሉ ይበላል። በሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ ሆርንስትራንዲር በሚባለው ጥብቅ ስፍራ፣ የባሕር ወፎች በሺዎች ገደሉ ላይ ይፈለፍላሉ። ቀበሮው እዚያ ይወጣል። እንቁላሉን ሳይሰብር በአፉ ይዞ ይመለሳል። ሁሉንም ወዲያው አይበላም፤ መሬት ቆፍሮ ይቀብርና አፈሩን በአፍንጫው እየገፋ ይደፍነዋል። ከዚያ ሌላ ሊያመጣ ይሄዳል። የቀበረው ለክፉ ቀን ስንቅ ነው።

ይህ ነባር ነዋሪ ግን በሕግ ሲታደን ኖሯል። ግልገል ይበላብናል የሚሉ በግ አርቢዎች ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ሲያሳድዱት ኖረዋል። ዛሬም ብዙ ቀበሌዎች ገድሎ ጭራውን ላመጣ አዳኝ ገንዘብ ይከፍላሉ። በ1970ዎቹ መጨረሻ በአገሪቱ የቀረው ከ1,300 ብዙም አይበልጥም ነበር። በኋላ ግን አንሰራርቶ በ2008 አካባቢ 10 ሺህ አልፏል። በሆርንስትራንዲር ከ1994 ጀምሮ ማደን ክልክል ስለሆነ፣ የዚያ ቀበሮዎች ሰው ሲያዩ ብዙም አይደነግጡም። ሱዳቪክ በምትባል ትንሽ መንደር ደግሞ በ2010 ስለ ቀበሮው የሚያጠናና ለጎብኚ የሚያስረዳ ማዕከል ተከፍቷል።

ሌሎቹ የየብስ አጥቢዎች በሙሉ ሰው ያመጣቸው ናቸው። የዱር አይጧ ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ጋር በመርከብ ገባች። ሬንዲር የሚባለው የበረዶ አጋዘን ከ1771 እስከ 1787 ባለው ጊዜ ከኖርዌይ በተለያየ ዙር ተጓጓዘ። ሐሳቡ ገበሬው እንዲያረባው ነበር። አልተሳካም፤ አጋዘኑ ዱር ገባ፣ ከምሥራቁ ክፍል በስተቀርም በየቦታው አለቀ። ዛሬ በምሥራቅ በኩል ጥቂት ሺዎች አሉ፤ ማደን የሚፈልግ ሰው ዕጣ ወጥቶለት ፈቃድ ማግኘት አለበት። እውነተኛው ጦስ ሚንክ የሚባለው ትንሽ ሥጋ በል አውሬ ነው። ለፀጉሩ ሲባል በ1931 ለእርባታ ገባ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ አምልጦ ወንዝና ሐይቁን ተቆጣጠረ። ይዋኛል፣ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ የወፍ ጎጆ ካገኘ ይፈጃል። ጥፋት ተመዝኖ ቅጣት ይሰጥ ቢባል፣ ለእኔ የመጀመሪያው ተከሳሽ ቀበሮው አይደለም።

የዋልታ ድብ የአይስላንድ ነዋሪ አይደለም። አንዳንዴ ከግሪንላንድ በተንሳፋፊ በረዶ ላይ ሆኖ ይመጣል። ደክሞና ተርቦ ስለሚደርስ ለሰው አደገኛ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ይገደላል። በሴፕቴምበር 2024 በሰሜን ምዕራብ አንድ ቤት አጠገብ የታየውም በፖሊስ ተተኩሶበታል።

የአገሪቱ ሀብት ግን ወፉ ነው። ባለ ቀይ ምንቃሩ ፓፊን ግማሽ ኪሎ ቢመዝን ነው፤ ከዓለም የአትላንቲክ ፓፊኖች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚፈለፍሉት እዚህ ነው። በኤፕሪል ይመጣል፣ አፈር ቆፍሮ አንዲት እንቁላል ይጥላል። ቬስትማናኤያር በሚባሉት ደሴቶች ጫጩቶቹ በነሐሴ አካባቢ በሌሊት ከጉድጓዳቸው ሲወጡ የከተማው መብራት ያሳስታቸዋል። ወደ ባሕሩ መሄዳቸው ቀርቶ መንገድ ላይ ይወድቃሉ። ያን ሰሞን ልጆች ካርቶን ይዘው ያመሻሉ። ከመኪና ሥር፣ ከአጥር ጥግ እየለቀሙ ቤት ወስደው ያሳድራሉ። ጠዋት ባሕር ዳር ሄደው ጫጩቱን ወደ ላይ ወርወር ያደርጉታል፤ እሱም ክንፉን ዘርግቶ ይበራል።

አይደር የሚባለው የባሕር ዳክዬ ደግሞ ከገበሬው ጋር ተስማምቶ የሚኖር የዱር ወፍ ነው። እናቲቱ ከደረቷ ለስላሳ ላባ ነቅላ ጎጆዋን ታለብሳለች። ገበሬው ላባውን ይሰበስብና በምትኩ ድርቆሽ ያነጥፍላታል። አንድ ኪሎ ለማግኘት 60 ያህል ጎጆ ያስፈልጋል፤ ከላባው የሚሠራው ብርድ ልብስ ለምን የሀብታም ዕቃ እንደሆነ ከዚህ ይገባል። በለውጡ ገበሬው ከቀበሮና ከሚንክ ይጠብቃታል። ዳክዬዋን መግደል ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የተከለከለ ነው።

ታላቁ ኦክ የሚባለው መብረር የማይችል የባሕር ወፍ ግን ጠባቂ አላገኘም። የመጨረሻዎቹ ጥንዶች በጁን 1844 ከአገሪቱ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ራቅ ብላ ባለችው ኤልዴይ ደሴት ተገደሉ፤ ዝርያውም በዚያው ጠፋ። በ1971 አይስላንዳውያን ገንዘብ አዋጥተው፣ ለንደን ለጨረታ የቀረበ የደረቀ ታላቁ ኦክ ገዝተዋል።

አዲስ ገቢውም አላቆመም። አይስላንድ ለረጅም ጊዜ ትንኝ (ቢንቢ) የሌለባት አገር ስትባል ኖራለች። በኦክቶበር 2025 ግን ከሬይክያቪክ በስተሰሜን ባለችው ክዮስ፣ የእሳት ራት ለመሳብ ወይን ተነክሮ በተሰቀለ ገመድ ላይ ሁለት ሴትና አንድ ወንድ ትንኝ ተገኙ። ዝርያው ብርዱን ምድር ቤትና የከብት በረት ውስጥ ተጠልሎ ማሳለፍ ይችላል።