ጥራጥሬ በኢትዮጵያ፦ በተረፈ መሬት፣ በተረፈ ዝናብ

በኢትዮጵያ ጥራጥሬ ሲባል በዋናነት ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ ጓያ፣ ቦሎቄና ማሾ ነው። ሰፊውን ማሳ የያዘው ባቄላ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የዓመቱ ምርት ወደ 10 ሚሊዮን ኩንታል ነበር። በ2010 ዓ.ም. 30 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ። መሬቱ ግን የዚያን ያህል አልሰፋም፤ ከ1.1 ሚሊዮን ሄክታር ወደ 1.6 ሚሊዮን ገደማ ነው የሄደው። የቀረው የመጣው ከአንድ ሄክታር የሚታፈሰው በእጥፍ ገደማ ስላደገ ነው።

ድምሩ ደስ ይላል። ሰብሉን አንድ በአንድ ሲያዩት ግን ሌላ ታሪክ አለው። ገበሬው ደህናውን መሬትና ማዳበሪያውን ለጤፍና ለስንዴ ይሰጣል። ጥራጥሬ የሚዘራው ብዙ ጊዜ ማሳውን ለማሳረፍ ነው።

ሽምብራን እንይ። በአድአ፣ በበቾና በደምቢያ መረሬ (ጥቁር ሸክላ) መሬት ላይ የሚዘራው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ከዚያ በኋላ ዝናብ እምብዛም አያይም፤ አፈሩ ይዞ ባቆየው እርጥበት ነው የሚያፈራው። ዝናቡ ቀድሞ ከወጣ መሬቱ ይሰነጠቃል፣ አበባው ይረግፋል። ከቆየ ደግሞ ውሃ ይተኛበትና ሥሩ ይበሰብሳል። ከዚህ ሁሉ ተርፎ ሲያሸት ፍሬውን የሚበላው ጓይ ትል ይመጣል። ከትሉ የተረፈውን መንገደኛ ይነቅለዋል። ቀልድ አይደለም፤ እሸቱ እየተሰረቀ ስላስቸገረ ጎረቤት ካልዘራ ሽምብራ የማይዘራ ገበሬ አለ።

ምስርን የጎዳው ዋግ የተባለው የሰብል በሽታ ነው። በ1990 ዓ.ም. አካባቢ ምሥራቅ ሸዋ፣ ግምቢቹ ላይ ማሳውን አወደመው። ዋግ የሚቋቋመው «አለማያ» የተባለው ዝርያ ገበሬውን ቢያነሳውም ዛሬም ምስር ከውጭ እናስገባለን። ለጾመኛ አገር ይሄ ትንሽ ያሳፍራል። ባቄላ ደግሞ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ቅጠሉን ቋጠሮ ቋጠሮ የሚያደርግ በሽታ ይዞታል፤ መጀመሪያ የታየው ሰሜን ሸዋ ነው። ማሾ በተቃራኒው በሸዋ ሮቢትና በከሚሴ አካባቢ የውጭ ገበያ ስላገኘ ተስፋፋ።

ጓያ ለብቻው ነው። ድርቅ ሌላውን ሲያቃጥል እሱ ይቆማል። ግን ለወራት እሱን ብቻ የበላ ሰው እግሩ ሽባ ይሆናል። በ1990 ዓ.ም. ዙሪያ ወሎ ውስጥ በደላንታ የደረሰው ይኸው ነው። ስለዚህ ሌላው ሰብል ወርዶ የጓያ ድርሻ ከፍ ያለበትን ዓመት ሳይ፣ የዚያ ዓመት ክረምት እንዴት ነበር ብዬ እጠይቃለሁ።