ስለ «ሰመር ስቶክ» የሚወራውና እውነቱ

በ1950 እ.ኤ.አ. የወጣው «ሰመር ስቶክ» እርሻ ላይ የሚያጠነጥን የሆሊውድ ሙዚቃዊ ኮሜዲ ነው። ጁዲ ጋርላንድና ጂን ኬሊ ይተውኑበታል። ፊልሙን ሳያዩ ወሬውን የሰሙ ብዙ ናቸው።

«ገበሬዋ አርቲስት ለመሆን ስትታገል የሚያሳይ ፊልም ነው» ይባላል። ገበሬዋ ጄን ስለ መድረክ ደንታም የላት። ሠራተኞቿ ጥለዋት ሄደዋል፤ ሰብሉ ይጠብቃታል፤ የሚያስፈልጋት ትራክተር ነው። ኮከብነት የሚያቃዣት እህቷን አቢጌይልን ነው። እሷም ሳታስፈቅድ አንድ ሙሉ የቲያትር ቡድን ይዛ ከች ትላለች፤ የእርሻው መጋዘን ውስጥ ትርኢት ሊያሳዩ! ጄን የፈቀደችላቸው በእርሻው ሥራ እንዲያግዟት ተስማምተው ነው። ዳንሰኞቹ ከከብትና ከዶሮ ጋር ሲታገሉ ማየት ለእኔ ከፍቅሩ ታሪክ ይበልጣል። ትራክተሩ ምን እንደሚገጥመው ግን አልናገርም።

ከሁሉ የገነነው ወሬ ስለ መዝጊያው ትርኢት፣ ስለ «ጌት ሃፒ» ነው። ከሌላ ፊልም ተቆርጦ የገባ ነው ይላሉ። እርግጥ ዓይን ያጠራጥራል። ጁዲ በቀረው ፊልም ሞላ ብላ ትታያለች፤ እዚህ ጋ ግን ቀጥናለች። ነገሩ ቀላል ነው። ዋናው ቀረጻ ካለቀ በኋላ ጠንከር ያለ መዝጊያ ተፈለገ። በመሃሉ አርፋ ክብደት የቀነሰችው ጁዲ ተመልሳ ቀረጸችው። ልብሱም ወሬውን ሳያባብሰው አልቀረም። ለ1948ቱ ፊልም «ኢስተር ፓሬድ» ተቀርጾ በተጣለ አንድ ትርኢት ላይም እንዲሁ የወንድ ጥቁር ኮት ለብሳ ነበር። ዘፈኑ ራሱ ደግሞ የ1930 ነው፤ ለፊልሙ አልተጻፈም።

«በዚህ ፊልም ምክንያት ስቱዲዮዋ ኤምጂኤም አባረራት» የሚሉም አሉ። በቀረጻው ወቅት ታማለች፤ ብዙ ቀንም ቀርታለች። ፊልሙን ግን ጨርሳለች። ውሏ የፈረሰው በሚቀጥለው ፊልሟ በሌላ ተዋናይት ከተተካች በኋላ ነው። በ1935 በልጅነቷ በገባችበት ስቱዲዮ «ሰመር ስቶክ» የመጨረሻ ሥራዋ የሆነው ለዚህ ነው።

ኬሊ ደግሞ ሚናውን ጓጉቶለት የወሰደው ይመስላል። የገባው ግን ለወዳጅነት ሲል ነው። በ1942 የመጀመሪያ ፊልሙን ሲሠራ ያገዘችው ጁዲ ነበረች።

«ከ‹ጌት ሃፒ› ውጪ የሚታይ ነገር የለውም» ለሚሉ፣ ኬሊ ባዶው መድረክ ላይ ብቻውን የሚደንስበትን ቦታ ፈልጉ። የያዘው አንድ የሚንጫጫ የወለል ሳንቃና አንድ ጋዜጣ ብቻ ነው። ጋዜጣውን በእግሩ እየቀደደ ይደንስበታል።