«ሰውዬው ታሰረ እንጂ ካርታዬ ደህና ነው» እና ሌሎች ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት አራት ሰዎች በተለያየ ቀን ቢሮዬ መጥተው ስለ ካርታቸው፣ ማለትም ስለ መሬት ይዞታ ማረጋገጫቸው፣ አንድ ነገር ነገሩኝ። «ጋሼ፣ ሰውዬው ታሰረ እንጂ ካርታዬ ደህና ነው።» አራቱም አምነውበት ነው የሚናገሩት። አራቱም ተሳስተዋል። እየደጋገምኩ ማስረዳት ስለሰለቸኝ ዛሬ በጽሑፍ ላስቀምጠው።

ጠበቃ ነኝ። ቢሮዬ ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ስመጣ ከመስኮቴ ይታይ የነበረው የጤፍ ማሳ ነው፤ ዛሬ የቆርቆሮ አጥር ነው። የምይዘው ጉዳይ አብዛኛው የመሬት ነው። ከመሬት ጉዳይ ጀርባ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ «የውስጥ ሰው» አይጠፋም።

እዚህ ሰውዬው የሚባለው የአንድ መሬት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ የነበረ ነው። ጉዳዩ ገና በፍርድ ሂደት ላይ ስለሆነ ስሙንም መሥሪያ ቤቱንም አልጠቅስም። ሲጀምር ቀያሽ ነበር። ሜትር ይጎትታል፣ ችካል ይተክላል። ትሁት ነበር። ለቅሶ አይቀርም፣ የሠፈሩን ሽማግሌ ሁሉ በስም ያውቃል። የፓርቲ አባል ሆነ፣ ስብሰባ ላይ እጅ ማውጣት ጀመረ፣ ቡድን መሪ ሆነ፣ ከዚያ ኃላፊ። አምስት ዓመት አልፈጀበትም። ሠርግ ላይ ከሙሽሮቹ አጠገብ ይቀመጥ ጀመር። ደላሎች ስሙን አይጠሩም፤ «እሱ ጋ ነው» ይላሉ፣ ሁሉም ይገባዋል። አንድ ሐሙስ ከቢሮው ተወሰደ። በማግስቱ አውቀዋለሁ የሚል ሰው ጠፋ።

እንግዲህ ስለ እሱና ስለ መሰሎቹ የሚወራውን አንድ በአንድ እንየው።

«የሚነካው የለም፤ ከላይ ሰው አለው»

አቶ ታምራት ላይኔ በሽግግሩ ዘመን የሀገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። በ1989 ከምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርነት ተነሱ። በ1992 የ18 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። ከእስር የወጡት በ2001 ነው። ከእንደዚያ ያለ ወንበር ላይ ሰው ከተነሳ የመሬት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ በምን ሂሳብ አይነካም?

«ፀረ ሙስና ያዘው»

ከ2008 ወዲህ የሙስና ወንጀል የሚመረምረው ፖሊስ ነው፤ የሚከሰው ዐቃቤ ሕግ ነው። የፀረ ሙስና ኮሚሽኑ በዋናነት የሚሠራው መከላከልና የባለሥልጣናትን ሀብት መመዝገብ ነው።

«በሙስና የተያዘ ሰው ዋስትና የለውም»

ይህ ከ1993 የቀረ ወሬ ነው። ያኔ የቀድሞው መከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ቀረቡ። ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ ይውጡ አሉ። አቶ ስዬ ወዲያው ተመልሰው ተያዙ። በቀናት ውስጥ ለሙስና ተጠርጣሪ ዋስትና የሚከለክል ሕግ ወጣ። ሕጉ በ1997 ተለውጧል። ከዚያ ወዲህ በዋናነት የሚከለከለው ከ10 ዓመት በላይ የሚያስቀጣ ክስ የቀረበበት ነው። ስለዚህ ሰውዬውን ሠፈር ውስጥ ካያችሁት «ጉዳዩ አለቀ» ብላችሁ አትደምድሙ።

«የወደቀው ስለሰረቀ ነው»

ሰርቆ ይሆናል። የወደቀበት ቀን ግን በስርቆቱ አይወሰንም። አቶ ስዬ የተከሰሱት ሕወሓት በ1993 ለሁለት ተከፍሎ እሳቸው ከተሸነፈው ወገን ከሆኑ በኋላ ነው። እዚህ እኛ ዳርቻም በትንሹ ያየሁት እሱኑ ነው። በሰውዬው ላይ እኔ ራሴ ሁለት አቤቱታ ጽፌ አስገብቻለሁ። አንዱ ሦስት ዓመት ተኛ። አንድ የግምገማ መድረክ ላይ ከአለቃው ጋር ተጋጨ። በወሩ የተኛው ማመልከቻ ሁሉ ነቃ።

ይህን የምለው ለእሱ አዝኜ አይደለም። ወንበር ላይ ያለው ሁሉ ንጹህ ነው፣ የወረደው ብቻ ሌባ ነው ብለን መሬት ስለምንገዛ ነው። «ይኸው እስካሁን አልተነሳም፤ ቢሰርቅ ኖሮ ይነሳ ነበር» ያለኝ ሰው አለ። ይህን ተማምኖ የልጆቹን ገንዘብ ከፈለ።

«ተፈታ፤ ንጹህ ነው ማለት ነው»

ሦስት ዓይነት መውጣት አለ። ፍርድ ቤት ጥፋተኛ አይደለህም ብሎ ነጻ ያወጣል። ዐቃቤ ሕግ ክሱን ያቋርጣል። ወይም ተፈርዶበት በይቅርታ ይወጣል። ክሱ የተቋረጠለትን ሰው ፍርድ ቤት ጥፋተኛም አላለው፣ ነጻም አላወጣው፤ ሕገ መንግሥቱ ደግሞ ያልተፈረደበትን ሰው እንደ ንጹህ ያየዋል። አቶ መላኩ ፈንታ በግንቦት 2005 የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር ሳሉ ታሰሩ። በ2010 ክሳቸው ተቋርጦ ወጡ። በ2014 የኢንዱስትሪ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። «አንዴ የወደቀ አይነሳም» ለሚሉም መልሱ ይኸው ነው።

የእኛ ሰውዬም ነገ ሊፈታ ይችላል። እሱ ቢፈታም የእናንተ ካርታ አብሮት አይፈታም።

«ካርታዬ ደህና ነው፤ ማህተሙ እውነተኛ ነው»

ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ይህ ነው። ብዙ ቤተሰብ የሚያፈርሰውም ይህ ነው።

አንዲት ደንበኛ አለችኝ። ዘጠኝ ዓመት ቤይሩት ሰው ቤት ሠርታ ነው የመጣችው። መጀመሪያ ቀን ስትመጣ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ጥቁር ፌስታል አስቀመጠች። ሦስት ጊዜ ተቋጥሯል። ውስጡ የፕላስቲክ ማህደር፣ ማህደሩ ውስጥ ካርታው። «ጋሼ፣ ማህተሙን ይዩልኝ» አለች። አየሁት። ማህተሙ እውነተኛ ነው። ፊርማውም የሰውዬው ነው። ቀኑን አነበብኩ። መስከረም 17። የመስቀል ዕለት።

በመስቀል ቀን የትኛው የመሬት ጽሕፈት ቤት ክፍት ሆኖ ካርታ ይሰጣል?

ፋይሉን ለማየት ብዙ ተመላለስኩ። መደርደሪያው ላይ ከግራና ከቀኝ ያሉት ማህደሮች አቧራ ጠጥተዋል፣ ጠርዛቸው ተበልቷል። የእሷ አዲስ ካርቶን ነው። ውስጡ ሦስት ወረቀት አለ፤ የመታወቂያ ኮፒ፣ ፕላንና የካርታው ቀሪ። ማመልከቻ የለም። የጨረታ ውጤት የለም። የምደባ ውሳኔ የለም። የሊዝ ውል የለም። አንድ የክፍያ ደረሰኝ እንኳ የለም።

እዚህ ላይ ሕጉ ግልጽ ነው። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 የከተማ መሬት የሚሰጠው በሁለት መንገድ ነው ይላል። ጨረታ ወይም ምደባ፣ ማለትም ያለ ጨረታ በመንግሥት ውሳኔ የሚሰጥ። ሦስተኛ መንገድ አላስቀመጠም። «በእሱ በኩል» የሚባል መንገድ የለም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ቢሆን የይዞታ ምስክር ወረቀት የያዘ ሰው ባለቤት እንደሆነ ይገመታል ካለ በኋላ፣ አንቀጽ 1196 ላይ ግምቱ የሚፈርስበትን ይዘረዝራል። ወረቀቱ ከደንብ ውጭ ከተሰጠ ወይም የሰጠው ሥልጣን ከሌለው ግምቱ ይፈርሳል። በቢሮ ቋንቋ ካርታው ይመክናል። «መከነ» የሚለውን ቃል ደንበኛዬ መጀመሪያ ስትሰማ ስለ ሴት የማወራ መስሏት ደነገጠች። ስለ ካርታ መሆኑን ሳስረዳት ይበልጥ ደነገጠች።

«ግን እኮ ጋሼ፣ የፈረመው ኃላፊው ራሱ ነው!»

ችግሩ እሱ ነው፣ እህቴ። ሐሰተኛ ማህተም ቢሆን አንድ አጭበርባሪ ደላላ ነበር የምንከሰው። አሁን ግን እውነተኛ ማህተም ሕገወጥ ወረቀት ላይ አርፏል። ሰውዬው ሲታሰር መርማሪው መጀመሪያ የሚከፍተው እሱ የፈረመባቸውን ፋይሎች ነው። የእሱ ፊርማ ትናንት መከታሽ ነበር፤ ዛሬ ፋይልሽን ከመደርደሪያው የሚያስመዝዘው እሱ ነው።

ይህ በጓሮ ለተሰጠ ወረቀት ብቻ የሚሆን እንዳይመስላችሁ። ሐምሌ 1 ቀን 2014 አዲስ አበባ ውስጥ የኮንዶሚኒየም ዕጣ በአደባባይ ወጣ። ስማቸው የወጣላቸው እልል አሉ፣ ዘመድ ጠሩ። በቀናት ውስጥ የዕጣው መረጃ ውስጥ እጅ እንደገባበት ተነገረና ዕጣው ተሰረዘ። በካሜራ ፊት የወጣ ዕጣ እንዲህ ከሆነ፣ በመስቀል ቀን የተፈረመ ካርታ ምን ሊሆን ነው?

ገንዘቡን ለማን እንደከፈለች ጠየቅኋት። ግማሹን መሬቱን ይዞ ለነበረው ገበሬ። በወረቀቱ ላይ ሽያጭ አይልም፤ «የብድር ውል» ይላል። ሦስት ሽማግሌ ፈርሞበታል። እንዲህ የሚደረገው የገጠር መሬት ስለማይሸጥ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ሌላውን ግማሽ ለሰውዬው ሾፌር በእጇ ሰጠች። በጥሬ ገንዘብ፣ ያለ ምስክር፣ መኪና ውስጥ። ከገበሬው ለማስመለስ ቢያንስ የያዝነው ወረቀት አለ። የሾፌሩን በምን እናረጋግጥ?

ገበሬውስ? አግኝቼዋለሁ። ሰውዬው «መሬትህ ለልማት ሊወሰድ ነው፣ ካሳው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ ቶሎ ሽጥ» ብሎት ነበር። የ2011ዱ የካሳ አዋጅ ምትክ መሬት ሳያገኝ ለሚነሳ አርሶ አደር ባለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛ የሆነውን የዓመት ገቢ በ15 አባዝቶ ካሳ ይሰጣል። ማንም አልነገረውም። ገንዘቡ ለልጁ ባጃጅ ሆነ፤ ባጃጁም ተጋጭቶ ቆሟል። አሁን ሌላ ሰው ማሳ ላይ በቀን ሥራ ያርማል።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ከዳር መሬት ወይም ቤት ስትገዙ ይህን አድርጉ። የካርታውን ፎቶ በስልክ ልከውላችሁ አትደሰቱ፤ ማህደሩን እዩ። መሬቱ በጨረታ ነው በምደባ የተገኘው ብላችሁ ጠይቁ፤ ሻጩ ከተንተባተበ ተነሱና ሂዱ። ነባር ይዞታ (ከሊዝ በፊት የተያዘ) ነው ካላችሁ ግብሩ ከመቼ ጀምሮ እንደተከፈለ፣ በ1997ቱ የአየር ፎቶ ላይ መኖሩን ጠይቁ። ሊዝ ከሆነ የሊዝ ውሉንና የእያንዳንዱን ዓመት ደረሰኝ ቁጠሩ። ቀኖቹን አንብቡ። እሁድ ነው? በዓል ነው? ገንዘብ በባንክ እንጂ በእጅ አትስጡ። ውሉን ውልና ማስረጃ አድርጉት፤ እነሱ ግን የሚያረጋግጡላችሁ የቀረበላቸውን ሰነድና ፊርማ ነው፣ መሬቱ ከሥሩ እንዴት እንደተገኘ አይመሰክሩላችሁም። የትኛው አስተዳደር ሥር እንደሆነም አጣሩ። አዲስ አበባና ኦሮሚያ በ2014 ወሰን አካልለዋል፣ በ2015 ደግሞ ሸገር ከተማ ተመሥርቷል። ትናንት ካርታውን የሰጠው ቢሮ ዛሬ በዚያ መሬት ላይ ሥልጣን ላይኖረው ይችላል። ሻጩ «ሰው አለኝ» ካለ ደግሞ ዋጋው ግማሽ ቢሆንም አትግዙ።

«መብራት ገብቶልኛል፣ ግብርም እከፍላለሁ»

በየካቲት 2011 ለገጣፎ ለገዳዲ ላይ ቤታቸው የፈረሰባቸው ሰዎችም መብራት ነበራቸው፣ ግብር የከፈሉበትን ደረሰኝ ይዘው ነበር ያለቀሱት። የመብራት ቆጣሪ የይዞታ ማረጋገጫ አይሆንም።

«ንብረቱ በሚስቱና በወንድሙ ስም ነው፤ ምንም አያገኙበትም»

ሕጉ ይህን ቀድሞ አስቦበታል። ምንጩ ያልታወቀ ንብረት በሚለው ወንጀል፣ የቅርብ ሰው ለእሱ ብሎ እንደያዘለት ፍርድ ቤት ካመነ እንደራሱ ይቆጠርበታል።

«ሰጪው ተበዳይ ነው፤ አይጠየቅም»

ይህኛው ያስፈራኛል፤ ምክንያቱም የሚያምኑበት ደጋግ ሰዎች ናቸው። ጉቦ መስጠትም ወንጀል ነው። «ተገድጄ ነው» ማለት ብቻውን አያድንም። መርማሪ ሲመጣ ወረቀት መቅደድ፣ ስልክ መቀየር፣ ከሰውዬው ቤተሰብ ጋር ቃል ለማስማማት መሞከር ደግሞ ሌላ ወንጀል ይጨምራል። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ያየኋቸው አሉ።

ሕጉ አንድ በር ክፍት ትቷል። በወንጀሉ ውስጥ እጁ ያለበት ሰው ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት ጠቃሚ መረጃ ከሰጠ ከክስ ነጻ ሊደረግ ይችላል። በ2003 የወጣ የምስክሮች ጥበቃ አዋጅም አለ። በሩ የሚከፈተው ቀድሞ ለመጣ ነው። ሾፌሩ ቀድሞ ከተናገረ የእሱ ቃል ነው የሚመዘገበው።

ይህን ለደንበኛዬ ስነግራት ብዙ ዝም አለች። የከፈለችበትን ቀን፣ የመኪናውን ቀለም፣ ሾፌሩ ገንዘቡን ሳይቆጥር መቀመጫ ሥር እንደከተተው አንድ በአንድ ጻፈች። ሁለት ገጽ ሞላ። ከባንክ ያወጣችበት ወረቀትም ቤት ውስጥ ተገኘ፤ ቀኑ ከነገረችኝ ጋር ይገጥማል።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መርማሪው ዘንድ አብረን እንገባለን። ካርታውን በዚያው ፌስታል ይዛ ትመጣለች።