«አጥፍቼዋለሁ እኮ!» ስለ ስልክና ስለ ኤምአርአይ የተሳሳቱ አመለካከቶች

አስታማሚው የኤምአርአይ (በኃይለኛ ማግኔት የሰውነትን ውስጥ የሚያነሳ ማሽን) ክፍል በር ላይ ሲደርስ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ «ይኸው፣ አጥፍቼዋለሁ» ይላል። መጠንቀቁ ደግ ነው። ግን የሚፈራው ሌላ፣ ሊፈራው የሚገባው ሌላ።

«ፍላይት ሞድ ላይ ካለ ይዞ መግባት ይቻላል»

አይቻልም። እዚያ ክፍል ትልቁ ችግር ኔትወርኩ ሳይሆን ብረቱ ነው። ስፒከሩ፣ ቫይብሬት የሚያደርገው ሞተር፣ ሌላም ማግኔት የሚስበው ነገር ስልኩ ውስጥ አለ። የተለመደው ማሽን ጉልበት 1.5 ቴስላ (የማግኔት ጉልበት መለኪያ) ነው፤ ከመሬት ማግኔት 30,000 እጥፍ ገደማ። ስልክ ቀርቶ የኦክስጅን ሲሊንደር ይጎትታል። እ.ኤ.አ. በ2001 ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ እንዲህ ተስቦ የገባ ሲሊንደር ማሽኑ ውስጥ የተኛ የ6 ዓመት ልጅ ገድሏል።

«መብራት ከሄደ ማግኔቱም የለም»

እኔን የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው። የማግኔቱ ሽቦ የተነከረው ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ በቀዘቀዘ ፈሳሽ ሂሊየም ውስጥ ነው። በዚያ ብርድ ሽቦው ከረንትን አያግድም፤ አንዴ የገባው ከረንት ማንም ሳይገፋው ይዞራል። ስለዚህ ሌሊትም፣ በበዓልም፣ መብራት በሌለበትም ማግኔቱ አለ። በቋሚ ማግኔት የሚሠሩት አነስተኛ ማሽኖችም አይጠፉም። ኮሪደሩ ሲጨልም ደግሞ ሰው የስልኩን ላይት አብርቶ «ምን ሆናችሁ?» እያለ ብቅ ይላል።

«የስልክ ሞገድ ምስሉን ያበላሻል»

ውጭ ያለው ስልክ አያበላሽም። ማሽኑ ከሰውነት የሚያዳምጠው 64 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያለ በጣም ደካማ ምልክት ስለሆነ ክፍሉ ዙሪያውን በመዳብ ይሸፈናል፤ በሩ ሲዘጋ የውጭው ሞገድ አይገባም። ውስጥ የገባ ስልክ ግን ምስሉ ላይ መስመር ሊጥል ይችላል።

«ራጅም ያው ነው»

ያው አይደለም። ራጅና ሲቲ ስካን ለኔትወርክ ደንታ የላቸውም። ስልክዎ የደረት ኪስዎ ውስጥ ከቀረ ግን ሳንባዎ ላይ ነጭ አራት ማዕዘን ይወጣል፤ ባትሪውና ካሜራው ሳይቀር ይለያል፣ ከሥሩ ያለው በሽታ ግን አይታይም። ራጁን ደግመው መነሳትዎ ነው። ራጅ ፎቶዎቼን ያጠፋብኛል ብለው ግን አይስጉ።

አልትራሳውንድ ላይ ስክሪኑ ነጠብጣብ ካሳየ ስልኩን ከገመዱ ራቅ ማድረግ ነው።

«ስልክ ማሽኑን እንጂ ማሽኑ ስልክን ምን ያደርገዋል?»

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 ኢሊኖይ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል አዲስ ኤምአርአይ ሲተከል ሂሊየም አፈተለከ። 40 ያህል አይፎኖች፣ አይፓዶችና የአፕል ሰዓቶች ቀጥ አሉ። የሂሊየም አተም ደቃቅ ስለሆነ ሰዓት የሚቆጥረው ጥቃቅን የሲሊከን ክፍል ውስጥ ሾልኮ ገብቶ ነበር። አንድሮይዶቹ ምንም አልሆኑም። ጋዙ ቀስ እያለ ሲወጣ አብዛኞቹ አይፎኖችም በቀናት ውስጥ ነፍስ ዘሩ።